በፊተኛው ገና ትምጣ

ይህን ነገር ለዓመታት ለማንም አልተነፈስኩም። በጸሎት ኅብረት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን እየዘለልኩ ነው ያለፍኩት። የምታነበው ሰው፣ አንተ አታውቀኝም፤ ለዚህ ነው ለአንተ መጻፍ የቀለለኝ። ግን እንድታዝንልኝ አልጻፍኩም። «ልጅ ነበር፤ ባህሉም ያዘው» ብለህ ልታልፈኝ ካሰብክ እዚሁ ላይ ተወው።

ሶዶ ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር እዘረጋለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሶኬት ጠመም ብሎ ከተቀመጠ ባለቤቱ ባያየውም ፈትቼ እንደገና አስቀምጠዋለሁ። የምናገረው ለመመካት አይደለም፤ ክፉ ሥራዬ የወጣው ከዚሁ ጠባዬ ነው።

ሚስቴ አማረች በተጋባን በዓመቱ ቤይሩት ሄዳ፣ ልጆች ያሏቸው ክርስቲያን ቤተሰቦች ቤት ተቀጠረች። እሷ ከምትልከውና እኔ ከማገኘው ሶዶ ዳር ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት እየሠራን ነበር። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች ሳልፍ ዝም አይሉኝም። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ማዳምህ ዘንድሮ ፈቃድ ትሰጥሃለች?» ይላል አንዱ። ሌላው ይቀበልና፣ «ተወው ባክህ! እሷ ቤት ትሠራለች፣ እሱ አምፖል ይቀይራል» ይላል። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ውስጤ ግን ዝም አላለም።

ቤቱ ሊያልቅ በተቃረበበት ዓመት፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ እንደ ልማዷ እሑድ ደወለች። አሠሪዎቿ ለገናቸው ፈረንሳይ ሊሄዱ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ፈቃድ ወስዳ ከመጣች የፈረንጁን ገና እኛ ጋ ትውላለች። አለበለዚያ ልጆቹን ይዛ አብራቸው ትሄድና ሲመለሱ ለእኛ ገና ትደርሳለች።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ። «እማዬስ እንዴት ናት? እሷ ደህና ካልሆነች አሁኑኑ ነው የምመጣው። ማዳም ትቆጣ እንደሆነ ትቆጣ።»

ሁምቦ እናቷ ዘንድ ውዬ የተመለስኩት ከመደወሏ በፊት በነበረው ቀን ነው። አማቴ ታመው፣ ከታላቁ ልጃቸው ከዳዊት ቤት ተኝተው ነበር። ተኝተው ስል ተቀምጠው ማለቴ ነው፤ ጋደም ካሉ ትንፋሻቸው ይቆረጣል። እግራቸው አብጧል። በጋሪ ጤና ጣቢያ ወስደናቸው፣ ልባቸው እንደደከመ ተነግሮናል። እጄን ይዘው አማረች መቼ እንደምትመጣ ጠየቁኝ።

«ለገና ነው፣ እናቴ።»

«የፈረንጆች ገና ከእኛ ይቀድማል ይባላል፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው በፊተኛው ትምጣ። ጌታ እንደሆነ አይቆጣም፤ በሁለቱም ተወልዷል» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ።

ዳዊት እስከ አጥሩ ሸኘኝ። በዚያን ጊዜ ሁምቦ እነሱ ቀበሌ ስልክ አይሠራም። የአማረች ወሬ ለእነሱ፣ የእነሱም ወሬ ለእሷ የሚደርሰው በእኔ በኩል ብቻ ነው። «ነገ ስትደውል ሳትደብቅ ንገራት» አለኝ። እነግራታለሁ አልኩት።

እኔ ግን፣ «እናትሽ ደህና ናቸው፤ ለእኛ ገና ነይ» አልኳት።

ለምን? ኮርኒሱ አልተመታም ነበር። የጓዳው ወለል ሲሚንቶ አልፈሰሰበትም። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ቢጠና ከተማ ነኝ፤ የአንድ ወፍጮ ቤት መስመር እየዘረጋሁ ነው። አማረች በፊተኛው ገና ብትመጣ የምትገባው ሽቦ የተንጠለጠለበት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ያለቀለት ቤት በር ከፍቼ፣ ማብሪያውን ጫን አድርጌ፣ ፊቷን ማየት ፈለግሁ። አምፖል ቀያሪው ምን እንደሠራ እንድታይ ፈለግሁ። እናቷ እንደሚሞቱ አላወቅኩም ነበር? አላወቅኩም አልልም። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ለኮርኒስ ብዬ ዋሸሁ።

አማቴ በሁለቱ ገናዎች መካከል ዐረፉ።

ከቀብር መልስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጳውሎስ፣ «በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ትምጣ፤ አንድ ሌሊት ትረፍ፤ በማለዳ ተሰብስበን እንነግራታለን» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ነቀነቅሁ። ሞትን ባለ ሐዘኑ እስኪደርስ መደበቅ በእኛ ዘንድ ደግነት ነው። በሽታን መደበቅስ? ያንን ማንም አላዘዘኝም። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእኔን ክፋት ከሰዉ ደግነት የሚለየው አልነበረም። ከዚያው ጥላ ሥር ተቀመጥኩ።

አማረች የገና ሰሞን መጣች። አውቶቡስ ተራ ተቀበልኳት። ለእናቷ ወፍራም ሹራብ ገዝታለች።

«ለሁምቦ ሙቀት ሹራብ?» አልኳት።

«ልትለብሰው ነው እንዴ? ለጎረቤት ታሳይበታለች እንጂ!» ብላ ሳቀች።

የሟቿን ሹራብ በእጄ ይዤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ደረስን። ማብሪያውን ጫንኩ። ኮርኒሱን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እንደተመኘሁት ፊቷን አየሁት። ደስ አለኝ። ይህንንም አልሸሽግም፤ ደስ አለኝ።

በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ጳውሎስን፣ ዳዊትን፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች ስታይ ማንም ሳይናገር ገባት። ጮኸች፣ ወደቀች፣ አነሷት። ትንፋሿ ሲመለስ፣ «መቼ ነው የታመመችው?» አለች።

«ድንገት ነው» አልኩ እኔ።

ዳዊት ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። ለምን እንደደፋ የገባኝ ከሰዓት በኋላ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሲጠራኝ ነው።

«አንተ ጨዋ ሰው ነህ» አለኝ። «በሰው ፊት ሸፈንክላት። እኔ ግን እኅቴን ዛሬ አወቅኳት። እናቷ እየሞተች መሆኑን እያወቀች ፈረንጅ አገር ገና ታከብራለች!»

እኔ እንደነገርኳት አምኗል። አውቃ የቀረች መስሎታል። «አልነገርኳትም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «ተወው ዳዊት፤ ሐዘን ላይ ነን» አልኩ። ይህንንም ለጨዋነት ቆጠረልኝ።

አማረች ሥራዋን ጨርሳ ጠቅልላ ከተመለሰች በኋላም ዳዊት ቤታችንን አልረገጠም። ለመስቀል ዘመድ ሁሉ ሁምቦ ተሰብስቦ ሲበላ እኛን የሚጠራን የለም። «ምን አደረግኳቸው?» ትለኛለች። «ውጭ ስለኖርሽ ቀንተው ነው» እላታለሁ። የገዛ ሚስቴን ለወንድሟ፣ ወንድሟንም ለእሷ ክፉ አስመሰልኩ፤ እኔ መሐል ላይ ንጹሕ ሆኜ ቆምኩ።

በቅርቡ ነገሩ ሲከብደኝ ጋሽ ጳውሎስ ዘንድ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ጌታ ይቅር ብሎሃል። የሞተው ተቀብሯል፤ ትዳርህን አታፍርስ» አሉኝ። እኝህን ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ። አልታዘዝኳቸውም። ከጌታ ጋር ታረቅኩ ብዬ የሚስቴን ስም ጭቃ ውስጥ ልተወው? እንዲህ ያለውን እርቅ አልፈልገውም።

ባለፈው እሑድ ከጸሎት ስንመለስ ለአማረች ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«ዳዊት አውቄ የቀረሁ ይመስለዋል?»

«አዎ።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

«ተነሥ» አለችኝ። «ለእኔ ያልከውን ለእሱም ትለዋለህ። እኔ ቆሜ እየሰማሁ።»

ሁምቦ ወረድን። ዳዊት ደጃፉ ላይ ነበር። እሷን ሲያይ ፊቱን አዞረ። እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ፣ የሐኪሙን ቃል፣ የእናቱን ልመና፣ የእኔን ውሸት፣ አንዱንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ዳዊት እኔን አላየኝም። እኅቱን ብቻ አያት። ሄዶ ትከሻዋን ያዘና ወደ ቤት አስገባት፤ በሩን ከኋላቸው ዘጋው።

ወደ ሶዶ ብቻዬን ተመለስኩ። እሷ አሁንም እዚያው ናት። ጋሽ ጳውሎስ ሽማግሌ ይዘው ሊያስታርቁን ፈለጉ፤ እምቢ አልኳቸው። ሽማግሌ ደጇ ቆሞ «ስለ እግዚአብሔር» ካላት፣ አማረች የሽማግሌ ፊት አትመልስም፤ ሳትወድ ይቅር ትለኛለች። ዳግመኛ በባህል አልሸሸግም። ትምጣም ትቅርም፣ በዚህ ጊዜ እውነቱን አውቃ ራሷ ትወስን።