ለሁሉም እሺ የምትለው ፀጉር ሠሪ

የሠፈራችንን ፀጉር ሠሪ በስሟ የሚጠራት የለም። «እሺዬ» ነው የምንላት። «አሳጥሪው» ሲሏት እሺ፣ «ከጫፉ ብቻ ንኪው» ሲሏት እሺ። ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ የሚሏት አሉ፤ ለእነሱም እሺ። እኔ ራሴ አምና ፀጉሬን ቀይ ልቀባ ብያት እሺ ብላኛለች። የሚያስፈልገኝ የነበረው የሚከለክለኝ ሰው ነበር።

ቤቷ ጠባብ ናት። መታጠቢያ፣ ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ ጭንቅላት ላይ የሚደፋው ማድረቂያ፣ ካስክ የምንለው። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ትጮኻለች። በሹክሹክታ የምታወራ እየመሰላት ለመንገደኛው ሁሉ ታሰማለች። የሠፈሩን ግማሽ ወሬ የምናውቀው በዚህ ነው።

እሺዬ ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለቻት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነፋስ በሩን በርግዶ የገባ ይመስላል። ፀጉር የሚጠቀለልባቸውን ቢጉዲኖች በቀለም መለየት ትጀምራለች፤ ሳትጨርስ ወንበሩ ላይ ወጥታ ትሽከረከራለች፤ ወንበሩ ሳይቆም መስተዋቱ ላይ በትንፋሿ ድመት ትሥላለች። የድመቷ ጭራ እንኳ እስካሁን ተሠርቶ አያውቅም። ይሄ ያስቃል። የማያስቀው፣ ዓመቱ እያለቀ ልጅቷ ማንበብ አለመያዟ ነው። ክፍል ልትደግም ነው ተባለ። አንድ ቀን ጫማዋን እያወለቀች «እማ፣ እኔ ደደብ ነኝ እንዴ?» አለቻት።

ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ ደጋግሞ አያት፣ ጠየቃት፣ በመጨረሻ ስለ ትኩረትና መቅበጥበጥ የሆነ ረጅም ስም ነግሯቸው ኪኒን አዘዘ። ጊዜ ወስዶ አስረዳ። እሺዬ በየመሀሉ «እሺ ዶክተር» አለች። ስትወጣ የገባት ነገር መድኃኒት ቤቱ የት እንዳለ ብቻ ነበር። ገዛችው፤ ልጅቷ ከማትደርስበት ከሻምፖዎቹ በላይ አስቀመጠችው፤ እዚያው ቀረ።

ባሏ አውቶቡስ ሹፌር ነው። «እኔን ነው የወጣችው! እኔ ምን ሆንኩ?» አለ፣ በእጁ የያዘውን ቁልፍ እየፈለገ።

የልጅቷ አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኛ ናት። «መድኃኒቱን ጀመረች?» ስትላት፣ እሺዬ «አዎ ቲቸር» አለቻት። ሐሙስ የምትመጣው ደግሞ የዘይት ነጋዴዋ ናት፤ የማትሸጠው የዘይት ዓይነት የለም። «ያንን ኪኒን ጣይልኝ! ልጅ ያፈዛል። ስኳር ከልክያት፣ የእኔን የዓሣ ዘይት አጠጫት» ስትላት፣ «እሺ እትዬ፣ ጥየዋለሁ» አለቻት። የዓሣ ዘይቱም ሳይከፈት ከኪኒኑ ጎን ተቀመጠ። ጎረቤት ሆኑ።

ሐሙስና ቅዳሜ ተራርቀው ስለሚኖሩ ነገሩ ይሄድ ነበር። ነጋዴዋ ግን ሠርግ ተጠርታ ቅዳሜ መጣች።

እኔ ፀጉሬ ቅባት ተቀብቶ መታጠቢያው ላይ አንገቴን ደፍቼ እጠብቃለሁ። ነጋዴዋ ካስክ ውስጥ ናት። አስተማሪዋ እየተበጠረች ነው። ልጅቷ ወለሉ ላይ ቢጉዲን ትለያለች።

«እሺዬ፣ ልጅሽ እኮ ሰው ሆነች!» አለች አስተማሪዋ። «ሳምንቱን ሙሉ ከወንበሯ አልተነሳችም። መድኃኒት እንግዲህ እንዲህ ነው!»

ከካስኩ ሥር ጩኸት መጣ፦ «አየሻት ልጅሽን? ረጋ አለች እኮ! ዘይቴ ነው!»

«ምን አሉ?» አለች አስተማሪዋ።

«ሙቀቱ በዛብኝ ነው የሚሉት» አለች እሺዬ።

«ኪኒኑን አስጥያት በዘይት ነው ያዳንኳት ብዬ ለሠፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ!»

አስተማሪዋ ፎጣዋን ጥላ ተነሳች። ካስኩን ወደ ላይ ገፋችው።

«እትዬ፣ ልጅቷ መድኃኒት ላይ ናት።»

«ዘይት ላይ ናት!» አለች ነጋዴዋ ከወንበሩ ብድግ ብላ።

«በዘይት እንዲህ አይቀመጥም።»

«እናንተ ደግሞ! ልጅ እንደ ዕቃ ተጎልታ እንድትውልላችሁ ነው የምትፈልጉት።»

«እርስዎስ? ዘይትዎ እንዲሸጥ አይደለም?»

ከዚያ ሁለቱም ባንዴ ወደ እሺዬ ዞሩ። «ተናገሪ እንጂ!»

ማበጠሪያው አየር ላይ ቀረ። ለአንዷ እሺ ብትል ሌላዋ አለች። ቅባቱ ዓይኔ ገባ፤ ነገሩ እንዳያመልጠኝ ብዬ አልጠረግኩትም።

«ሁለቱንም አልጀመርኩም» አለች ልጅቷ ከወለሉ። «እላይ ሻምፖው ጋ ናቸው። አልተከፈቱም።»

ካስኩ ብቻውን ባዶ ወንበር ይነፋል።

«ታዲያ እንዴት ቁጭ አልሽ?» አለች አስተማሪዋ።

«ክፍል እንዳልደግም ነዋ። ወንበሩን በሁለት እጄ ጭምቅ አድርጌ እይዘዋለሁ።»

«ጎበዝ! ትምህርቱስ ገባሽ?»

«የቱ ትምህርት?»

የሳቀ የለም። «ወንበር ይዤ እንዴት ልስማ?» ብላ ወደ ቢጉዲኗ ተመለሰች። እሺዬ ተንበርክካ የልጅቷን መዳፍ ገልብጣ አየችው። ጣቶቿ ሥር ቀልቷል።

«ሁለታችሁንም ዋሽቻችኋለሁ» አለች ሳትነሳ። «ፈርቼ ነው። ስለ መድኃኒቱ ምንም አልገባኝም፤ ስለ ዘይቱም።»

«ምን ይገባሻል ዘይት? ዛሬውኑ ማታ አንድ ማንኪያ...» ጀመረች ነጋዴዋ።

«አይሆንም እትዬ።»

ከአፏ ሲወጣ እሷም የደነገጠች ይመስለኛል።

ሰኞ ልጇን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። የነገረችኝ ራሷ ናት። «ዶክተር፣ ያን ቀን እሺ ያልኩት አንዱም ሳይገባኝ ነው» አለችው። ሳቀና ከመጀመሪያው ጀመረ። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ሊያዘገይ ይችላል። በትንሹ እንጀምራለን፣ እናያለን፣ ካልተስማማት እንቀይራለን። መሮጥ መጫወቱ ጥሩ ነው፣ አይቅር፤ ግን መድኃኒቱን አይተካም። ትምህርት ቤቱም የራሱ ሥራ አለበት። የዓሣ ዘይቱስ? «ዓሣውን ብትበላው ይጣፍጣታል።»

ልጅቷ እግሯን እያወዛወዘች «ከዋጥኩት በኋላ መደነስ ያስጠላኛል?» ብላ ጠየቀችው።

«ካስጠላሽ ለእኔ ንገሪኝ። ለእናትሽ ብትነግሪያት እሺ ብላ ዝም ነው የምትልሽ።»

ልጅቷ ኪኒኑን ጀመረች። አስተማሪዋም አሁን በየመሀሉ ሰሌዳ ታስጠፋታለች፣ ደብተር ታሳድላታለች፤ ወንበር መጭመቁ ቀርቷል። ነጋዴዋ ጥቂት አኮረፈች፤ ግን ፀጉሯን እንደ እሺዬ የሚጠቀልልላት ስላጣች ሐሙሷን ይዛ ተመለሰች።

አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ሁሉ «እህ፣ ሠራ?» ትላታለች።

«ምሳ ብዙ አትበላም፤ ስለዚህ ቁርሷን ካበላሁ በኋላ ነው የምሰጣት» ትላለች እሺዬ። «ትናንት አንድ ገጽ ሳትነሳ አነበበችልኝ። ዛሬ ደግሞ አንድ እግር ጫማዋን ትምህርት ቤት ረስታ በካልሲ መጣች።»

«እሱን ተይው፤ ሠራ ነው አልሠራም?»

«ገና አላወቅንም» ትልና የጠያቂዋን ጭንቅላት ቀስ አድርጋ መታጠቢያው ውስጥ ትደፋዋለች።