ከቡታጅራ ፒያሳ፦ የሦስት ጆንያ በርበሬ ጉዞ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአክስቴ ከእትዬ ዘነበች ጋር ከቡታጅራ ተነሣን። እሳቸው ከገበሬ ዛላ በርበሬ እየገዙ አዲስ አበባ ላለ አሽጎ ሻጭ ፋብሪካ ያስረክባሉ፤ እኔ አብሬያቸው መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሃያ ጆንያችን ትናንት በአይሱዙ ቀድሞን ወደ ፋብሪካው መጋዘን ገብቷል። የኛ ጉዞ ጭነቱን ብሎክቼይን በሚሉት የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ለማስገባት ነበር። ፋብሪካው ካልተመዘገበ አልቀበልም ብሏል።

መንገዱ ላይ እትዬ የአምናውን አነሡ። የብዙ ነጋዴ በርበሬ አንድ ላይ ተፈጭቶ ሻጋታ ተገኘበት፤ የማን እንደሆነ ስላልታወቀ ሁሉም ተጣለ።

«ከደረቁ ጋር እርጥቡ ነደደ ይባላል፤ በኛስ በእርጥቡ ደረቁ ሄደ» አሉ።

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የኋሊት የሚሄደውን የእንሰት ጓሮ ማየት ያዝኩ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ፒያሳ

ከአየር ጤና በታክሲ ፒያሳ ደረስን። ብዙው አሮጌ ቤት ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል። ከቀሩት ኬክ ቤቶች በአንዱ ባንኮኒ ላይ ቆመን ማኪያቶ ጠጣን። እትዬ ዋጋውን ሲሰሙ አስተናጋጁን «ላሟም አለችበት?» አሉት።

«እማማ፣ ላሟ ለብቻዋ ናት፤ ለእርስዎ ግን አስተያያለሁ» አላቸው።

ሳቁ። ከዚያ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግር ወርደን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለው የፋብሪካው ቢሮ ገባን።

አምስት ሰዓት

የተቀበለችን ሰላም የምትባል የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ አሠራሩን አስረዳችን። እያንዳንዱ ጆንያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከየት እርሻ እንደመጣ፣ ማን እንዳዘጋጀው ይጻፋል። ቅጂው ገዢውም፣ ወፍጮውም፣ ሱቁም ዘንድ ስላለ ማንም ብቻውን ሊፍቀው አይችልም። ችግር ሲመጣ የተበላሸው ብቻ ተለይቶ ይወጣል።

«ውሸት የገባበት እንደሆነስ?» አሉ እትዬ።

«ውሸቱም አይፋቅም። ከነስምዎ ይቀመጣል።»

ቀጥላ «ውሃ ነክቶታል?» ብላ ጠየቀች።

«ጠብታ አልነካውም!» አሉ እትዬ በኩራት።

እኔ ግን ውሃ አስነክቼዋለሁ። የደረቀ ዛላ ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ይሰባበራል፤ ስለዚህ በኛ ገበያ ትንሽ ውሃ መርጨት የቆየ ልማድ ነው። የሚያሻግተውም እሱ ነው ተብሎ እትዬ ከአምና ወዲህ ከልክለውኛል። አይሱዙው ሲያጣድፈኝ ግን እጄ የለመደውን አደረገ። ዝም ብል የሚዋሹት እሳቸው ሆነው ይቀራሉ።

«ሦስቱን ረጭቻለሁ» አልኩ። «በቀይ ሲባጎ የሰፋኋቸውን።»

እትዬ አላዩኝም። ሰላም ወደ መጋዘኑ ደውላ ሦስቱን አስወጣች፤ የቀሩት አሥራ ሰባቱ ለምርመራ ናሙና ተወስዶባቸው በእትዬ ስም ተመዘገቡ። አምና ቢሆን ሃያውም ባንድ ላይ ይፈጭ ነበር።

ወደ ቤት

እትዬ እስከ ቡታጅራ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። እኔም አፍሬ ነበር፤ ያስቆጣኋቸው መሰለኝ። ያ ሁሉ መሣሪያ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ብቻ መሆኑን እያሰብኩ መጣሁ። እንዳይፋቅ ማድረግ ይችላል፤ እውነቱን ማስገባት ግን የሰው ሥራ ነው።

ሊመሽ ሲል ቤት ገባን። እትዬ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ለሰላም ደወሉ።

«ልጄ፣ ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ ‹ያዘጋጀው› የሚለው ላይ የሱን ስም ጻፊልኝ» አሏት ወደኔ ፈገግ እያሉ። «የኔን አይደለም፤ የሱን።»