ከትከሻ የወረደው ድንጋይ

ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ፊደል ያስቆጠሩን መሪጌታ አድማሱ ባለፈው እሑድ አርፈዋል። እኔ ተማሪያቸው ነኝ፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ። ለምታውቋቸው ሁሉ ስለ እሳቸው የምነግራችሁ አለኝ።

የኔታ ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲጥለቀለቅ ልብሳቸውን ሰብስበው፣ ትንንሾቹን አንድ በአንድ እያዘሉ ወደ ትምህርት ያሻግሩን ነበር።

አምና አዲሱ መንገድ ውሃውን አገደውና ሩዙ በማሳው ላይ በሰበሰ። ገበሬው የውሃ መውረጃ እንዲከፈትለት ደጋግሞ አመለከተ፤ ሰሚ አላገኘም። እኛ ወጣቶቹ «መንገዱን እንዝጋው» ስንል የኔታ ተቆጡ። በአገራችን ምሕረት የሚለምን ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይቀርባል። «እኛም እንደዚያው ተሸክመን እንለምን» አሉ።

ድንጋያችንን ተሸክመን ስንሄድ ጎረቤታችን እትዬ የሺ የእሳቸውን አይተው «የኔታ፣ ይችማ ጠጠር ናት!» ቢሏቸው፣ «ኃጢአቴን መዝኜ ነው ያነሣኋት» ብለው አሳቁን።

በመንገድ ሥራው ጽሕፈት ቤት ደጅ ፀሐይ እስኪከር ቆምን። በሩ አልተከፈተም። ፖሊሶቹ ድንጋይ የያዘ ሕዝብ ሲያዩ ደነገጡ፤ «ጣሉ!» እያሉ ዱላ አነሡ። የኔታ «ቀስ ብላችሁ ከእግራችሁ ሥር አኑሩት» አሉን።

እኔ ግን ወደ መስኮቱ ወረወርሁት። የመጀመሪያው ድንጋይ የእኔ ነበር። ሌሎቹ ተከተሉ፤ ጽሕፈት ቤቱ ተቃጠለ፤ ዘበኛው አንድ ዓይኑን አጣ።

የኔታ «ሕዝቡን ድንጋይ ያስያዙ» ተብለው ታሰሩ። ልጠይቃቸው ሄጄ እጄን እንደምሰጥ በሹክሹክታ ነገርኋቸው።

«ዝም በል፤ ፈተናህ ደርሷል» አሉኝ። ቀጥለውም «ድንጋዩ ትከሻችን ላይ ሳለ ልመና ነበር። እጃችን ላይ ምን እንደሚሆን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አሉ።

ብናገር ትእዛዛቸውን እጥሳለሁ፤ ዝም ብል በእኔ ጥፋት እንደታሰሩ ይቀራሉ። ዝም አልሁ። ፈተናውንም አለፍሁ። እሳቸው ሲፈቱ ግን «ረብሻ ያስተምራሉ» ስለተባለ ልጁን የሚልክላቸው ሰው ጠፋ። ባዶ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አይቻቸው፣ ሰላም ሳልል በሌላ መንገድ ዞርሁ።

የኔታ፣ እስከ ዛሬ ታዛዥ ተማሪዎ ነበርሁ። ነገ ወረታ እገባለሁ፤ መጀመሪያ ለዘበኛው፣ ከዚያ ለፖሊስ እናገራለሁ። መፍራቴን አልደብቅዎትም። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ። ከእንግዲህ በእኔ ፈንታ ሊታሰሩ አይችሉም።