የወለተኪዳን ዝምታ

ወለተኪዳን ቀየት በሚባለው አገር በፈታይነቷ የታወቀች ሴት ነበረች። እሷ በፈተለችው የበግ ጠጉር የተሠራ ባና፣ ያ ወፍራም ደራቢ፣ ብርድ አያስገባም ይባልላት ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን የትምወርቅን ብቻዋን አሳድጋ፣ ሰፊ ርስት ላለው ለቅጣው በወግ ዳረቻት። ጎረቤት ሁሉ ስለ ጋብቻው አመሰገናት፤ እሷም ምስጋናውን ወደደችው።

በሁለተኛው ዓመት የትምወርቅ የጓሳን ደጋ በእግሯ አቋርጣ እናቷ ቤት ደረሰች። ባሏ በጋለ ማጭድ እንዳቃጠላት ተናግራ ቀሚሷን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገች። ወለተኪዳን ቁስሉን አየችው። አየችውና ቀሚሱን መልሳ ሳበችው። ቅቤ ቀባችላት፤ ትንሽ ሻል ሲላት፣ ወሬው ሳይሰማ ራሷ ይዛት ሄዳ ለቅጣው አስረከበችው። በመንገድ «ለማንም እንዳትናገሪ» ከማለት በቀር ያወጣችው ቃል አልነበረም።

ሁለት ዓመት አልፎ የትምወርቅ ዳግመኛ ሸሸች። አሁን ግን ወደ እናቷ አልመጣችም። ሞላሌ አጠገብ ካለ ደብር ገብታ ደወል ደውላ ተማጸነች። አስተዳዳሪው መምሬ ገሠሠ፣ ቅጣው ሽማግሌ ይዞ ቢመጣ፣ በታቦት የተማጸነችን ሴት አሳልፌ አልሰጥም ብለው መለሱት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቅጣው እሳት ላይ ወድቃ ነው ብሎ ካደ። ዳኛው ሐኪም ይያት አሉ።

ያያት ከደብረ ብርሃን የመጣ ዓምደሚካኤል የሚባል ሐኪም ነው። በችሎቱ ዕለት ድምፁን ከፍ ሳያደርግ መሰከረ። እሳት ላይ የወደቀ ሰው እጁና ፊቱ ይነካል፤ የእሷ ግን ጀርባዋ ላይ ነው፤ ጠባሳዎቹም እንደ ማጭድ የጎበጡ ናቸው፤ አንዱ ገና አልደረቀም፣ ሌላው ግን ሁለት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም አለ።

ይህን ጊዜ የቅጣው ነገረ ፈጅ ተነሣ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷ የት ነበሩ?»

ዳኛው ለምስክርነት ወደ ተጠራችው ወደ ወለተኪዳን ዞሩ። «ይህን ቁስል አይተውታል?»

አላየሁም እንዳትል ምላ ቆማለች። አይቻለሁ እንዳትል፣ ያ ያመሰገናት ጎረቤት ሁሉ ከኋላዋ ቆሞ ያዳምጣል።

«አላየችም» አለች የትምወርቅ። «ደብቄያት ነው።»

ወለተኪዳን አንገቷን ደፋች። ልጇ ለእሷ ስትል ስትዋሽ እየሰማች አላስተባበለችም።

ዳኛው የሐኪሙን ቃል ተቀብለው ጋብቻው እንዲፈርስ፣ የትምወርቅም ወደ ቅጣው ቤት እንዳትመለስ ፈረዱ። ሲወጡ ወለተኪዳን ልጇን ተከትላ ለምን እንደዚያ እንዳለች በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ለእኔ የሐኪሙ ቃል በቃኝ» አለች የትምወርቅ። «አንቺን ሰው ፊት ማዋረድ ምን ይረባኛል?»

ወለተኪዳን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እቤቴ ነይ ብላ ለመነቻት፤ አልሄደችም። ሞላሌ ከአክስቷ ከአማከለች ጋር ጠላ እየሸጠች ተቀመጠች።

ወለተኪዳን ኃጢአቷን ለመምሬ ገሠሠ ተናዘዘች። እሳቸውም ንስሐ ሰጥተዋት፣ ይቅርታውን ግን ከልጅሽ ጠይቂ አሏት። በገበያ ቀን ሁሉ የገብስ ዱቄት ተሸክማ ወደ ልጇ ትሄዳለች። የትምወርቅ ብድግ ብላ ትቀበላታለች፣ ወንበር ታቀርብላታለች፤ እየዋለ እያደረም እንደ እንግዳ «እርስዎ» ትላት ጀመር። ወለተኪዳን ያን ቃል ስትሰማ ያሰበችው ሁሉ ይጠፋባታል። ስለ ዝናቡና ስለ በጎቹ አውርታ፣ ሌላ ቀን እነግራታለሁ እያለች ትመለሳለች።

ሳትነግራት ሞተች።