የጭልፋው ቦታ

ሰፈሩ በሙሉ ወንድሜን አብራሪ ነው ብሎ ያምን ነበር። ጥፋቱ የእናቴ ነው። አየር ኃይል የገባ ዕለት ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሊያበር ነው» ብላ አወጀች። እሱ ግን መካኒክ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱ ብሎን ስለማያጣ ስሙም ብሎን ሆኖ ቀርቷል። «አብራሪውማ ተሳፋሪ ነው» ይል ነበር ጉራውን ሲነዛ፣ «እኔ ይነሳ ካላልኩ ማን ይነሳል?»

እነሱ ዘንድ ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዱ መፍቻ ሰሌዳ ላይ በተሳለለት ቅርጽ ላይ ይሰቀላል። አንዱ ቦታ ባዶ ከሆነ መፍቻው ሞተር ውስጥ ተረስቶ ሊሆን ይችላልና አውሮፕላኑ ንቅንቅ አይልም። ይህን አመል ይዞብን መጣ። ለዕረፍት በመጣ በማግስቱ ጥቁር ቀለም አንስቶ የጭልፋውን፣ የወንፊቱን፣ የቢላዋውን ቅርጽ ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ስሎት ቁጭ አለ።

«ግድግዳዬን አበላሸኸው!» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ አንድ ዕቃ ከጎደለ አይነሳም።»

«እኔ ማድቤት ደግሞ ምኑ ነው የሚነሳው?»

«ምሳ።»

ቀልዱን መስሎን ነበር። ቢላዋው የጠፋ ዕለት ግን ድስቱን ታቅፎ በር ላይ ቆመ፤ ከአባባ ጋዜጣ ሥር እስኪገኝ ድረስ ማንም አልበላም። ቦታው ላይ ከሰቀለው በኋላ «ተሟልቷል፤ ይነሳ!» ብሎ ለቀቀን። አንቄ ልገድለው ምንም አልቀረኝም።

በዚያው ዓመት ሞተ። ከሥራ የሚመልሳቸው መኪና በዝናብ ተንሸራቶ ተገለበጠ፣ በቃ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «የት ግንባር?» ይላል። የምን ግንባር! ሰላም ነበር። በሰላም ጊዜ ለሞተ ወታደር ምን እንደሚባል ሰው አያውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ ብቻ በጣም ይናፍቀኛል።

ዘንድሮ አባባ ማድቤቱ ጠቁሯል ብለው ቀለም ቀቢ አመጡ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀችው። «ከነዚህ ቅርጾች አንዱን ብትነካ ውርድ ከራሴ!» አለችው። ምስኪን ሰውዬ፣ በቀጭን ብሩሽ ዙሪያቸውን ሲዞር ዋለ። ሲጨርስ ዕቃዎቹን መልሰን ሰቀልን። ጭልፋው የለም።

«ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም! ማንም አይበላም!» እናቴ ድስቱን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ፍለጋ አልጋ ሥር ገባሁ፤ አባባ ጋዜጣቸውን አራገፉ። በመጨረሻ ቀቢው አንገቱን ደፍቶ ወደ ባልዲው ሄደ። ለካ ቀለሙን ያማሰለው በጭልፋችን ኖሯል።

«እማማ፣ እንጨት አጥቼ እኮ ነው...»

እናቴ ጭልፋው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ስታየው ሳቋ አመለጣት። ብሎን ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየናት ያኔ ነው። ድስቱን አስቀምጣ፣ እየሳቀች አጠበችው፤ ቦታው ላይ ሰቀለችው። ሁላችንም ቆመን ያንን የብሎንን ቃል ጠበቅን። ግድግዳውን አየች፤ እኛንም አየችን።

«አልተሟላም» አለች። ከዚያ የድስቱን ክዳን አነሳች። «ግን እንብላ።»