የገብስማዋ ዶሮ ሳል

ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ሎሚ በጨመቅኩበት ቁጥር እጄን ቶሎ እታጠባለሁ። ሽታውን ጠልቼው አይደለም፤ ወጥ ውስጥ ሲገባ እንደማንም ሰው እወደዋለሁ። ሁለቱ ተቀላቅለው ጣቴ ላይ ሲቀሩ ግን ወልድያ ያለው ቤቴ ይጠፋብኝና መርሳ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ እገኛለሁ። ጭኔ ላይ ዶሮ አለች፤ ትንፋሿ ኽርር ኽርር ይላል።

እናቴ የሰፈሩ የዶሮ ሐኪም ነበረች። ማንም አልሾማትም፤ አባቴ ሲሞት ከዶሮዎቹ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር ስላልቀረላት ተማረችው። የታመመች ዶሮ ሲያመጡላት መጀመሪያ የደረት አጥንቷን ትዳብሳለች። አጥንቱ እንደ ቢላ ሾሎ ከወጣ፣ «የዚችን ቀለብ ትል ነው የሚበላው» ትልና የተወቀጠ የዱባ ፍሬ በሊጥ ታጎርሳታለች። የሳሉ ተራ ከዚያ በኋላ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በሎሚ አሽታ ጠብ ጠብ ታደርግላታለች። ትሉ ሳይወጣ ሳሉ አይለቅም ባይ ነበረች። ዶሮዋን የምይዝላት እኔ ነበርኩ።

አንድ ክረምት የራሷ ዶሮዎች ታመሙ። ገብስማዋ ጀመረች፤ ዓይኗ አበጠ፣ አፍንጫዋ ተደፈነ፣ አንገቷን እያሰገገች ትንፋሽ ፍለጋ አፏን ትከፍት ነበር። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ሽንኩርቱን ልጬ ስጠብቅ እናቴ ሙቀጫውን ከፊቴ አንስታ ወሰደችው።

«ዝም በይ» አለችኝ። «እሷ ትሳል፣ ልጄ ይደር።»

ልጄ ያለችው ታላቅ ወንድሜን ነው። ጊዜው የደርግ ነበር። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ያፍስ ነበር፤ ወንድሜም ስሙ ተጠርቶ ጠፍቷል ተባለ። የጠፋው እኛው ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ከጎታው ኋላ፣ ከዶሮዎቹ ቆጥ ሥር። እኛ ዘንድ ደግሞ ፈንግል፣ ዶሮ የሚፈጀው በሽታ፣ የገባበትን ቤት ማንም አይረግጥም። በሽታው እግር ተከትሎ ይመጣል ይባላል፤ እውነትም ይመጣል። እናቴ የዶሮዎቿ ሕመም ፈንግል አለመሆኑን ታውቅ ነበር። ሰፈሩ ግን ፈንግል ነው አለ፤ እሷም አላስተባበለችም።

የቀበሌው ታጣቂ ጠመንጃውን አንግቦ መጣ። እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት።

«ግባና ፈትሽ። ዶሮዎቼ ግን እንደምታያቸው ናቸው።»

ገብስማዋ ደጃፉ ላይ ኽርር አለች። ሰውየው ያነሳውን እግር መለሰ። «ሚስቴ ጫጩት አስፈልፍላለች፣ እትዬ፤ እዚህ ገብቼ ብሄድ ቤት አታስገባኝም» ብሎ፣ እንደ ማፈርም እያለ፣ ተመለሰ።

እናቴ ያን ቀን ገብስማዋን አቅፋ አለቀሰች። እንደ ሰው፣ ይቅር በይኝ ትላት ነበር። ወንድሜ ከጎታው ኋላ ሆኖ፣ «እማ፣ ለእኔ ስትይ አትግደያት» አላት። ከጫጩትነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነበር፤ ስትታፈን እየሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

ከዚያ እናቴ ወልድያ ሄደች። የምታውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ወንድሜን ሸሽጎ ራቅ ወዳለ አገር እንዲያደርስላት ልትለምነው፣ ከመንገድ እስኪመለስ ዘመድ ቤት ሆና ጠበቀችው። እሷ በሌለችበት የአጥር ጎረቤታችን መጣች። ዶሮዎቿን እናቴ ስንት ጊዜ ያዳነችላት ሴት ናት። የራሷን ሙቀጫ ይዛ ነበር።

«አብሽሪ፣ ይኼ ፈንግል አይደለም። ፈንግል ቢሆን ወላሂ እስካሁን ባለቁ። እናትሽ ናት ያስተማረችኝ።»

«እማ ትምጣ» አልኳት።

«እናትሽ የእኔዎቹን ስታክም አስፈቅዳኝ ታውቃለች? ነይ ያዥልኝ!»

ምን ብዬ እምቢ ልበል? ያዝኩላት። ዱባውን አስቀደመች፤ ትሎቹ እንደ ክር ሲወጡ አይታ አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ሽንኩርቱንና ሎሚውን ጠዋት ማታ እየመጣች ጠብ አደረገችላቸው። ግቢያችን ያን ሽታ ሸተተ። ቤት ግን አንድም ቀን አልገባችም፤ ጨዋ ነበረች።

አንድ ቀን ስትሄድ ወንድሜ ከውስጥ በሹክሹክታ፣ «እጇ ይባረክ» አለ። «ገብስማዋ ዛሬ ደህና ተነፈሰች።» ምን እንደሚከተል ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅ ነበር።

ጎረቤታችን ደስታዋን መያዝ አልቻለችም። ውኃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትወርድ፣ የእትዬ ዶሮዎች ዳኑ እያለች ላገኘችው ሁሉ ተናገረች። እናቴ ሹፌሩን እሺ አሰኝታ ስትመለስ ገብስማዋ ግቢው ውስጥ ስትጭር አገኘቻት። ቆማ አየቻት። ገና ነጠላዋን ሳታስቀምጥ ታጣቂው ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ።

ወንድሜን ሲያወጡት ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። ፀጉሩ ላይ የገብስማዋ ላባ ነበር። እናቴ ልታነሳለት እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም፣ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም።

ጎረቤታችን ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ደረቷን እየመታች፣ «ማን ጠቆመብሽ፣ እትዬ? ማን ነው ይኼን የሠራብሽ?» ትል ነበር። እናቴ አየችኝ፤ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ ማለቷ ነበር። ከዚያ ሴትየዋን አቅፋ፣ «እግዜር ይወቀው» አለቻት።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። ገብስማዋ እስክታረጅ ኖረች፤ እናቴ እንቁላሏን ታሳቅፋት ነበር እንጂ አልሸጠችም። ጎረቤታችን በመጣች ቁጥር ዶሮዋን እያየች፣ «ይቺን እኮ ያዳንኳት እኔ ነኝ» ትላለች።

እናቴም የምትፈትለውን ጥጥ ታስቀምጥና፣ «አዎ፣ እጅሽ ይባረክ» ትላታለች።