የተዘጋው ቤት ድመቶች

ሀጅራ ቅዳሜ ቅዳሜ ድመት ታኮላሻለች የሚለው ወሬ የጄኔቫን አበሻ ከዳር እስከ ዳር አስቆታል። ጎረቤቷ ናኒማ ፊት ለፊት፣ «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ሥራ ሳታጪ!» ብላ ስቃባታለች። እውነቷን ነው፤ ሀጅራ ሥራ አላጣችም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በከተማዋ ዳር ቶኔ በሚባል ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አንሶላና ፎጣ ስታጥብ ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ግን የሚጠብቃት የለም። ባሏ አብዱረህማን ዙሪክ ባቡር ያጸዳል፤ እዚያው ዜባህ በሚባል ሰፈር ከሌሎች ወንዶች ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖራል። እሱ ሥራውን ለቆ እንዳይመጣ፣ እሷ ለቃ እንዳትሄድ ሁለቱም ይፈራሉ። ትዳሩን የያዘው ስልክ ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው በመጦሪያው ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣችው ማዳም ፋቭር፣ «ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?» ብላ የጠየቀቻት። ምንም አልሠራም ማለት አፈረች። በዚያው የማዳም ፋቭር የድመት ሥራ ውስጥ ገባች።

ከጄኔቫ ወጣ ብሎ ቨርሷ የሚባል ቦታ ያለው የእንስሳት ሐኪም ቤት ቅዳሜ ለደንበኛ ዝግ ነው። ያን ቀን የሚገባው ባለቤት የሌለው የዱር ድመት ብቻ ነው። ከየእርሻውና ከየጋራዡ በወጥመድ ተይዞ ይመጣል፤ ወንዱ ይኮላሻል፣ ሴቷ እንዳትወልድ ትደረጋለች፣ ለምልክት የጆሮ ጫፍ ይቆረጣል፤ ሲነቃ ወደ መጣበት ይመለሳል። የሀጅራ ድርሻ ሐኪሟ የጨረሰችውን ድመት ተቀብላ እስኪነቃ መጠበቅ ነው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የማደንዘዣ እንቅልፍ ግን የጤና እንቅልፍ አይመስልም፤ ድመት ዐይኗን ሳትከድን ነው የምትተኛው። ብርድ ልብስ ላይ በተርታ የተጋደሙት ሁሉ ዐይናቸውን በልጥጠው ያዩሃል፤ አያዩህም። ሀጅራ ዐይናቸው እንዳይደርቅ ቅባት ታደርጋለች፣ ከጎን ወደ ጎን ታገላብጣቸዋለች፣ ትንፋሻቸውን ታዳምጣለች። ደሴ ላይ፣ ጅን ሲያሰኘው ድመት ይመስላል እየተባለች ነው ያደገችው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ቢስሚላህ ሳትል አንዷንም አትነካም ነበር። ቢሆንም ከዚያ እንቅልፍ የነቃ ፍጥረት መጀመሪያ የሚያየው ፊት የእሷ መሆኑን ወደደችው። በዚህ አገር እሷን የሚጠብቅ ነገር ቢኖር ይኸው ነበር።

ያን ቅዳሜ የመጡት ድመቶች ከቶኔ ጫፍ፣ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ካለ አሮጌ የእርሻ ቤት የተያዙ ነበሩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ወራሾቹ ሲካሰሱ መስኮቱም በሩም ተዘግቶ ከረመ። አሁን ተሽጧል፤ ሰኞ ሊፈርስ ነው። ማሽኑ ሳይደርስ ድመቶቹን አንሡልን ብሎ የለመነው የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ነው። የሚመለሱበት ስለማይኖር ማዳም ፋቭር አንድ የፈረስ ጋጣ ፈልጋላቸዋለች።

እንደነዚህ ያለ አውሬ ታይቶ አይታወቅም። የሽቦ ሳጥኑን በጥርሳቸው ይነክሳሉ፣ ይተፋሉ፣ ያጉረመርማሉ። ሐኪሟን የገረማት ግን ሌላ ነበር። «ሰው ከሌለበት ቤት መጥተው እንዴት እንዲህ ሥጋ ለበሱ?» አለች።

ሀጅራ አንዱን ሳጥን በጨርቅ ልትሸፍን ስትጎነበስ፣ ከሽቦው መሃል መዳፍ ተወርውሮ እጇን ቦጨቀው። ሲያማት አማርኛዋ መጣ። «ውሮ! ተይ እንጂ፣ ምን አደረግኩሽ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የቦጨቀቻት ብቻ አይደለችም፤ ሁሉም ዝም አሉ። ሁሉም አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

ሐኪሟ መቀሷን እንደያዘች ቀና አለች። «ምን አልሻቸው?»

ሀጅራ ያንኑ በፈረንሳይኛ ደገመችው። ማጉረምረሙ ወዲያው ጀመረ። ትንሽ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ውሮ» አለች። ድመቶቹ ወደ ሽቦው ተጠጉ። እጇን የቦጨቀችው ጉንጯን ሽቦው ላይ እያሸች ታንኮራፋ ጀመር።

«ቋንቋሽን ያውቃሉ እኮ» አለች ማዳም ፋቭር። ልትስቅ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። ሀጅራ ክው ብላ ቀረች።

ማታ ቤቷ ገብታ መብራቱን ሁሉ አበራች፤ ከጅን የሚጠብቀውን የቁርኣን አንቀጽ፣ አየተል ኩርሲን፣ ቀራች። ጅንስ ይሁን፣ የቶኔ ጅን ፈረንሳይኛ መናገር አልነበረበትም? ወይስ ጅንም እንደ እኛው ጥገኝነት ጠይቆ መጣ? ብቻዋን ለመሳቅ ሞከረች፤ እምቢ ሲላት ዙሪክ ደወለች።

«ድመቶቹ አማርኛ ይሰማሉ» አለችው።

«እኔ ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ጀርመንኛ አልሰማ ብሎኛል!» ብሎ ሳቀ አብዱረህማን። ሁሉንም ስትነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። «ስሚ ሀጅራ፣ ጅን ድመት አይቀልብም። እዚያ ቤት ሰው አለ።»

እሷም ከቀን ጀምሮ የምታውቀው ይህንኑ ነበር፤ የፈራችው በአፏ ማውጣቱን ነው።

«ሰኞ ይፈርሳል እኮ!»

«ከማፍረሳቸው በፊት ያያሉ፤ ፖሊስ ጠርተው ያወጡታል።»

«ፖሊስ የማይፈራ ሰው በተዘጋ ቤት ውስጥ ይኖራል?»

«እኔስ ምን አልኩ! ወረቀት የሌለው ሰው መደበቅ እዚህ አገር ወንጀል ነው። የዜግነት ማመልከቻሽ ገብቷል፤ የቀረሽ ቃለ መጠይቁ ነው። ከነገሩ ጦም እደሩ ብለዋል አባቶቻችን። እንዳትሄጂ፣ በአላህ!»

«እሺ» አለችው። ስትለው ከልቧ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ማዳም ፋቭር መኪናዋን ሀጅራ ደጅ ላይ አቁማ ደወለች፤ የቀሩትን ወጥመዶች ሳይፈርስባቸው መልቀም አለባቸው። አሞኛል ማለት ትችል ነበር። ካፖርቷን ለብሳ ወረደች።

ጉም ወርዶ የግቢውን ዛፎች ከወገባቸው በላይ ውጧቸዋል። ማዳም ፋቭር ወጥመዶቹን እየሰበሰበች ወደ መኪናው ስትመላለስ ሀጅራ በቤቱ ጀርባ ዞረች። ደረጃው፣ ሣሩ፣ ሁሉ ነገር የረገፈ ቅጠል ለብሷል። የኋላው በር ደፍ ላይ ያለችው ሳህን ግን ቅጠል አልነካትም። ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ ነበረባት።

ሀጅራ መመለስ ትችል ነበር፤ ያላየችውን ማንም አይጠይቃትም። ነገ ጠዋት የሚመጡት ያገኙታል፣ ይወስዱታል፣ የሚሆነው ይሆናል። ይህን እያሰበች እያለች፣ በአገሯ ሰው ደጅ እንደደረሰች ሁሉ፣ አፏ ቀደማት።

«ቤቶች!»

ጉሙ ውስጥ ውሃ ከጣሪያ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ከተዘጋው መስኮት ኋላ የሴት ድምፅ፣ ቀጭን፣ ሥራ የፈታ ድምፅ መጣ።

«ደጆች!»

ሀጅራ ግድግዳውን ያዘች።

«ማነሽ?» አለ ድምፁ።

«ሀጅራ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። አይፍሩኝ።»

«ድመቶቼን ወሰዱብኝ። ብጠራ ብጠራ አልመጣ አሉ።»

«የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ቤቱ ነገ ሊፈርስ ነው።»

ሴትዮዋ ቃል እየጠፋባቸው፣ እየቆዩ፣ ነገሯት። ጥሩወርቅ ይባላሉ። ከዐረብ አገር የዲፕሎማት ቤተሰብ ጋር ለቤት ሠራተኝነት መጥተው፣ ዱላው ሲበዛባቸው ፓስፖርታቸውን እነሱ እጅ ጥለው ጠፉ። ሽማግሌው ገበሬ አስጠጋቸው፤ ሲታመም አስታመሙት። ሬሳው ሲወጣ ወራሾቹ እንዳያዩዋቸው ጣሪያ ሥር ተደበቁ፤ እንደተደበቁ ቀሩ። ሲጨልም ወጥተው ሱቆች የጣሉትን ይለቅማሉ፤ ለድመቶቹም ያካፍላሉ። ከዚያ ወዲህ ያወሩት ከድመቶቹ ጋር ብቻ ነው።

«አንቺንማ አውቅሻለሁ» አሉ ቀጥለው። ድምፃቸው መስኮቱ ድረስ ተጠግቷል። «ማታ ማታ እየመጣሽ ቤቶች የምትዪው አንቺ አይደለሽ? ዓመቱን ሙሉ ጠራሽኝ፤ እኔ ፈርቼ ዝም አልኩሽ። ዛሬስ በቃ፣ ልመልስላት አልኩ።»

ሀጅራ እዚህ ግቢ ከዛሬ በፊት እግሯ ረግጦ አያውቅም። ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ከጉሙ በቀር ምንም አልነበረም። ማን ነበር ማታ ማታ የሚጠራቸው? ብቸኝነታቸው ራሱ ይሁን ሌላ ነገር፣ ማወቅ አልፈለገችም።

«ሀጅራ!» ማዳም ፋቭር ስልኳን ይዛ ከቤቱ ማእዘን ብቅ አለች። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው? ውስጥ ሰው አለ?»

ማዳም ፋቭር ደግ ሴት ናት። ደግነቷ ግን ቶሎ ስልክ የሚደውል ደግነት ነው፤ ለእርዳታ ብላ የምትጠራው መጀመሪያ ፖሊስ ነው። ሀጅራ አብዱረህማንን አሰበች፤ ዓመታት የጠበቀችውን ፓስፖርት አሰበች።

«አክስቴ ናት» አለች በፈረንሳይኛ። «ወደ ቤቴ ልወስዳት ነው።»

ማዳም ፋቭር የተዘጉትን መስኮቶች አየች፣ እሷን አየች። ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከትታ ሄደች፤ የመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ የነበሩትን ወጥመዶች እያነሣች የዕቃ መጫኛው ውስጥ ስትከት ኮሽታው ተሰማ።

ሀጅራ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስጠጋች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ዓመቱን ሙሉ ስጠራዎት የከረምኩት እኔ ነኝ እትዬ። ብርዱ ጠንቶብኛል፤ ይክፈቱልኝ።»

ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ተሰማ።